ከካርድ ክፍሉ በፊት

ወልቂጤ መናኸሪያ ውስጥ አንድ ሰው የነፍሰ ጡር ሚስቱን ሪፈር ወረቀት ዘርግቶ የትኛው መኪና እንደሚያደርሳቸው ረዳቶችን ሲጠይቅ አየሁ። ወረቀቱ ማኅተም አለው፤ ማን እንደሚቀበላቸው ግን አይናገርም። «ሂዱ ብለውናል» አለኝ። ላኪው ሥራውን ጨርሷል፤ ተቀባዩ ገና አልጀመረም። በመሀል ያለው መንገድ የማን ኃላፊነት ነው?

መልሱ በወረቀት ላይ አለ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ሆስፒታሎች ሪፈርን የሚያስተባብር የሊያዞን ክፍል እንዲኖራቸው ጠይቋል። በተግባር ምን ያህል እንደሚሠራበት የጠየቅኳቸው ኃላፊ «በደብዳቤ አምጣ» አሉኝ። ደብዳቤው ከገባ በኋላ ስልካቸው አይነሳም።

በጉራጌ ዞን ጤና ጣቢያ የሠራች አዋላጅ ግን አልሸሸገችም። «መደወሉ አይከብድም፤ የሚከብደው ‹አልጋ የለም› መባሉ ነው። ሳልደውል ብልካት በር ላይ ከደረሰች በኋላ ማን ይመልሳታል?» ቀጠለችም፤ «ደም የሚያቆም መርፌ አለኝ፤ የምሰጣት ደም ግን የለኝም። ኦፕራሲዮንም የለም። እናቲቱ ወደኔ የምትመጣው ደግሞ ምጥ ከያዛት በማግሥቱ ነው።»

ይህን ችግር ከሥሩ የነካው አሠራር ያለው እዚያው ጉራጌ ውስጥ ነው። ከወልቂጤ ብዙም ሳይርቅ፣ በቸሃ ወረዳ፣ የካቶሊክ ሲስተሮች በ1969 እ.ኤ.አ. የጀመሩት አጣጥ ሆስፒታል የእናቶች ማቆያ አለው። መንታ ያረገዘች፣ ቀድሞ በኦፕራሲዮን የወለደች ወይም ሌላ ስጋት ያለባት እናት ምጧ ሳይመጣ ትገባለች። ቤተሰብ ስንቅ ያቀብላል፤ ምጡ ሲጀምር የማዋለጃ ክፍሉ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው።

የሆስፒታሉ የ22 ዓመት መዝገብ (እ.ኤ.አ. 1987–2008) ተመርምሮ በ2010 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከ24,148 ወላዶች 6,805ቱ በማቆያው ያለፉ ናቸው። ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር ሲሰላ የእናቶች ሞት በማቆያው ባለፉት 90 ገደማ፣ በቀጥታ በመጡት ግን 1,333 ነበር። ሞቶ የተወለደውም ከ1,000 ወሊድ በማቆያው ካለፉት 18 ገደማ፣ በቀጥታ ከመጡት 191 ነበር። ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ሥራ ነው ማለት አይቻልም፤ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ጉዳት ከደረሰባቸው በኋላ የደረሱ ናቸውና። ቁም ነገሩም ይኸው መዘግየቱ ነው።

ሆስፒታል የሚቆጥረው በሩን ያለፈውን ብቻ ነው። ይህን ቀድሞ የተረዳችው የጉራጌዋ ቡታጅራ ናት። በ1986 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ9 የገበሬ ማኅበራትና በ1 የከተማ ቀበሌ የሚኖሩ ከ28,000 በላይ ሰዎችን መዘገበ። መዝጋቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ከቀዬው ወጣ ሲሉ ጻፉ። ካርድ ወጥቶለት የማያውቅ ሕፃን ሞት እንኳ መዝገብ ገባ። ለዓመታት የቀጠለው ይህ ሥራ ለስንት ተመራማሪ መነሻ ሆኗል፤ በአካባቢው የተካሄደ አንድ የአእምሮ ሕመም ጥናት ብቻ ከ68,000 በላይ ሰዎችን አነጋግሯል።

ወደ ማቆያው ልመለስ፤ ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ማቆያ ተሠርቷል፤ ደግ ነው። ግን የአጣጥ ማቆያ የቆመው ኦፕራሲዮን ክፍል ባለበት ግቢ ነው። ጤና ጣቢያ የቆየች እናት ቀዶ ሕክምና ካስፈለጋት አሁንም ሪፈር ይጻፍላታል። አዋላጇ ይህን ስነግራት ሳቀች፤ «እንግዲህ አልጋ ጨመሩልኝ፤ መንገዱን ግን አላሳጠሩልኝም» አለች።