የእንግሊዝኛን ግሥ ከነአገባቡ ስለ ማጥናት

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ለነጻ ትምህርት ዕድል አመልክቶ ለቃል ፈተና ተጠራ። ትምህርቱን ለሁለት ዓመት ያቋረጠበትን ምክንያት በማመልከቻው ላይ በእንግሊዝኛ ሲገልጥ፣ የታመሙ እናቱን ያስታምም እንደ ነበር ለማለት ፈልጎ፣ «ሉክ አፍተር» በማለት ፈንታ «ሉክ ፎር» ብሎ ጽፎ ኖሯል። የፊተኛው መንከባከብ ነው፤ የኋለኛው የጠፋን መፈለግ ነው። ፈታኙም ወረቀቱን ተመልክቶ፣ «እናትህ የጠፉት ወዴት ነው? በመጨረሻስ አገኘሃቸው?» ሲል ጠየቀው። እናቱ ካረፉ ገና ዓመት አልሞላቸውም ነበርና ልጁ መልስ መስጠት ተሳነው። ዕድሉን ያጣው በዚህ ምክንያት ነው አልልም። ነገር ግን «ሉክ» ማለት ማየት ነው ብዬ ያስጻፍሁት እኔው ነበርሁ፤ ተከታዩን ቃል አላስጻፍሁትም።

በቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ነገሩን በቶሎ ያስተውለዋል። መምህራችን ግሥ ካስወረዱን በኋላ አገባብን ለብቻው ያስጠኑን ነበር፤ «በ»ን፣ «ለ»ን፣ «እም»ን የመሳሰሉት ደቂቅ አገባብ የግሡን ትርጓሜ ወዴት እንደሚመሩት ሳናውቅ ወደ ፊት አንራመድም ነበር። የዘመናዊው ትምህርት ቤት እነዚህን መስተዋድድ ይላቸዋል። ያልተማረ ሕፃን እንኳ «መሰከረለት» እና «መሰከረበት» አንድ ናቸው አይልም፤ «ፈረደለት» እና «ፈረደበት»ም እንዲሁ። እንግሊዝኛ ይህንኑ ሥልጣን ለብቻዋ ለቆመች ቃል ይሰጣል። «ሻውት ቱ» ሰው እንዲሰማ ድምፅን ከፍ አድርጎ መጣራት ሲሆን፣ «ሻውት አት» በሰው ላይ በቍጣ መጮኽ ነው። «ቢሊቭ» ብቻውን ሲቆም የሰውን ቃል እውነት ነው ብሎ መቀበል ነው፤ በእግዚአብሔር ማመን ግን «ቢሊቭ ኢን» ይባላል፤ እኛም «አመነው» እና «በእርሱ አመነ» ብለን እንለያለን።

ሁሉም እንዲህ ቢገጥም ኖሮ መልካም ነበር። ነገር ግን የእኛ «በ» ብዙ ሥራ የተሸከመች ናት፤ በቢላዋ ቈረጠ ስንል «ዊዝ»፣ በአውቶቡስ መጣ ስንል «ባይ»፣ በሰኞ ዕለት ስንል «ኦን»፣ በጎንደር ስንል «ኢን»፣ በዘጠኝ ሰዓት ስንል «አት» ትሆናለች። ስለዚህ «በ» በእንግሊዝኛ ማን ይባላል ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪ አንድ መልስ የለውም። ወንድሙን ጠበቀ፣ መምህሩን አዳመጠ ስንል «ን» ትበቃናለች፤ እንግሊዝኛው ግን «ዌይት» ካለ «ፎር»፣ «ሊስን» ካለ «ቱ» ይሻል። ደግሞ ስለ ጉዳዩ ተወያዩ የምንለውን «ዲስከስ» ያለ «አባውት»፣ ወደ ክፍሉ ገባ የምንለውን «ኢንተር» ያለ «ኢንቱ»፣ ከእርሷ ጋር ተጋባ የምንለውንም «ማሪ» ያለ «ዊዝ» ይናገራል። ተማሪዎቻችን ከሁሉ አብልጠው የሚስቱት ግን «አስረዳኝ» የሚለውን ነው። «ኤክስፕሌን ሚ» ይላሉ፤ ይህም ትምህርቱን ሳይሆን እኔን ራሴን ተርጕመህ ግለጠኝ እንደ ማለት ይሆናል። የሚገባው «ኤክስፕሌን ኢት ቱ ሚ» ነው።

ጥንታዊው እንግሊዝኛ፣ ግእዝ «ቤት»ን «ቤተ» እንደሚል፣ የስሙን መድረሻ እየለወጠ ያገናኝ ነበር። በዘመናት ብዛት እነዚያ መድረሻዎች ሲወድቁ ሸክሙ በመስተዋድዱ ላይ በረታ። የትኛው ግሥ የትኛውን እንደሚያስከትል ግን በልማድ የጸና እንጂ ሁልጊዜ በምክንያት የሚገኝ አይደለም። ሆርንቢ የተባለው እንግሊዛዊ መምህር በጃፓን ሲያስተምር ይህን ችግር ተመልክቶ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1942 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው መዝገበ ቃላት የግሦቹን አካሄድ ጭምር አሳየ፤ ዛሬም ለተማሪ የሚዘጋጁት መዛግብተ ቃላት ያንኑ መንገድ ይከተላሉ። ልጆቻችን ግን ትርጕሙን አይተው መጽሐፉን ይከድኑታል!

ስለዚህ በልጅዎ ደብተር ላይ «ዌይት፣ ጠበቀ» የሚል መሥመር ቢያገኙ አይቀበሉት። «ዌይት ፎር ዘ ባስ፣ አውቶቡሱን ጠበቀ» ተብሎ በሙሉ ይጻፍ። መስተዋድድ የማይሻውም «ዲስከስ ዘ ፕሮብለም» እንደሚባለው ከነተሳቢው ይቀመጥ። እንግሊዝኛ የማያውቁ እናትም ቢሆኑ ማስጠናት ይችላሉ፤ በሳምንት አምስት መሥመር ይበቃል። ልጁ ደብተሩን ከድኖ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲደግም፣ ቃሉን ትናንት እንደ ሰሙት መሆኑን ይከታተሉ፤ ከግሡ በኋላ የጐደለች ቃል ካለች፣ ግሡን ለብቻው ሳይሆን መሥመሩን በሙሉ እንደ ገና ያስደግሙት።