የጋራ ቆጣሪና የየቤቱ ድርሻ

ብዙ አባወራ በሚኖርበት ሕንፃ ውሃ በሁለት መንገድ ይከፈልበታል። ወይ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቆጣሪና የራሱ ውል ይኖረዋል፤ ወይ ሕንፃው በሙሉ በአንድ የጋራ ቆጣሪ ይጠቀምና ነዋሪው ሒሳቡን ይካፈላል። ጭቅጭቅ የሚበዛው በሁለተኛው ነው።

ቆጣሪው ቀላል መሣሪያ ነው። የሚያልፈው ውሃ በውስጡ ያለችውን ትንሽ መዘውር ያዞራል፤ ዙሩ ወደ ቁጥር ይለወጣል። ጥቁሮቹ አኃዞች ሜትር ኩብ፣ ማለትም ሺህ ሺህ ሊትር ይቆጥራሉ፤ ቀዮቹ ከዚያ በታች ያለውን። ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ በመስታወቱ ሥር ያለችው ትንሽ ኮከብ መዞሯን ካላቆመች ቤት ውስጥ የሚያፈስ ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜም የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ይጨምራል፤ ብዙ የተጠቀመ ለተጨማሪው ውሃ የበለጠ ይከፍላል። እርከኑ ቆጣቢውን እንዲጠቅም የታሰበ ነው፤ የጋራ ቆጣሪ ግን ውጤቱን ሊገለብጠው ይችላል። 20 አባወራ እያንዳንዳቸው 7 ሜትር ኩብ ቢጠቀሙ ቆጣሪው 140 ያነባል። ይህ እንደ አንድ ደንበኛ ፍጆታ ከተሰላ አብዛኛው ውሃ በውድ እርከን ይመታል። ፍትሐዊው ስሌት ጠቅላላውን አስቀድሞ ለአባወራው ቁጥር አካፍሎ፣ እርከኑን ከዚያ በኋላ መተግበር ነው።

ሒሳቡን በቤት ቁጥር እኩል መካፈል ለሕንፃው ኮሚቴ ይቀላል፤ ብቻውን የሚኖረውን ግን ሰባት ሰው ያለበትን ቤት ያህል ያስከፍለዋል። በሰው ቁጥር ማካፈል የተሻለ ቢሆንም እንግዳና ተከራይ በመጣ ቁጥር ያወዛግባል። በየቤቱ ንዑስ ቆጣሪ መግጠም ከሁሉ ይሻላል። ሁሉም በአንድ ቀን መነበብ አለባቸው፤ ያለዚያ የሌለ ልዩነት ይታያል። ያም ሆኖ ድምራቸው ከዋናው ያንሳል፦ የግቢው ቧንቧ፣ በመሐል የሚያፈስ መስመርና መዘውሯን ማዞር የማይችል ጠብታ አለ። ይህ ልዩነት በየወሩ ለብቻው ተጽፎ ለሁሉም መታየት ይገባዋል።

በኮንዶሚኒየም ፓምፕና ሮቶ (የውሃ ማጠራቀሚያ ታንከር) ሲጨመሩ ነገሩ ይሰፋል። በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ መጠቀሚያዎችን ወጪ ባለቤቶች ይጋራሉ፤ ስለዚህ የፓምፑ መብራትና የሮቶው እጥበት ከውሃው ሒሳብ ተለይተው ቢያዙ ይመረጣል። የሮቶው ተንሳፋፊ ከተበላሸ በፈረቃ ሌሊት የመጣ ውሃ እስኪነጋ ይፈሳል። የማንም ቤት ቆጣሪ አያየውም፤ ዋናው ቆጣሪ ግን ይቆጥረዋል።