ለቫይረሱ ማን ከፈለ?

ከካዛንቺስ እስከ ቂርቆስ ሰፈሮች ድረስ ኮፒ ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። የሥራ ማመልከቻው፣ የጨረታ ሰነዱ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ በፍላሽ ተይዞ ይመጣና እዚያው ይታተማል፤ በዚያው ኮምፒዩተር በዚያው ቀን የስንቱ ፍላሽ ገብቶ ይወጣል። ሰው ሁሉ «ሾርትከት ቫይረስ» የሚለው ነገር ለዓመታት ሲዛመት የኖረው በዚህ መንገድ ነው። ፍላሹ ሲከፈት ፋይሎቹ ተደብቀው አንዲት የአቋራጭ ምልክት ብቻ ትታያለች። እሷን ሲጫኗት ፋይሎቹ ይመጣሉ፤ ቫይረሱም አብሮ ሥራውን ይጀምራል። ንብረቱ የተበላሸበት ሰው «ይህን የሠራው ሰው ምን ሊያገኝበት ነው?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ «ክፋት ነው» በሚል ቃል ይዘጋል። ክፋት ብቻውን ግን ብዙ አያስረዳም። ዛሬ ቫይረስ በብዛት የሚሠራው ገዢ ስላለው ነው። ገዢው ማን እንደሆነ ሳናውቅ ሠሪውን ብቻ ብንረግም ነገሩን በግማሽ እንኳ አልተረዳነውም።

በጥንቱ ዘመን እንዲህ አልነበረም የሚል ሰው እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ1986 ከላሆር፣ ፓኪስታን የተነሣውን «ብሬይን» የተባለ ቫይረስ የሠሩት ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ባሲት እና አምጃድ ፋሩቅ አልቪ፣ ስማቸውንና ስልክ ቁጥራቸውን ሳይቀር ውስጡ ጽፈውበት ነበር፤ ዓላማችን ሶፍትዌራችን ያለ ፈቃድ እንዳይገለበጥ ነው ብለዋል። በ1988 ሮበርት ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የለቀቀው ፕሮግራም በጊዜው ግምት 6,000 ያህል ኮምፒዩተሮችን አንቋል፤ ገንዘብ አልጠየቀበትም። ከሁሉም ለእኛ የሚቀርበው ግን የማኒላው ተማሪ የኦኔል ደ ጉዝማን ታሪክ ነው። በግንቦት 2000 «አይ ላቭ ዩ» የሚል ርእስ ባለው ኢሜይል ዓለምን ያዳረሰው ይህ ወጣት ኋላ እንደተናገረው፣ የፈለገው የሌሎችን የይለፍ ቃል ወስዶ ኢንተርኔት በነፃ መጠቀም ነበር። በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ውስጥም ኢንተርኔት ካፌ በደቂቃ እየተቆጠረ ይከፈልበት ስለነበር፣ የዋጋው ምሬት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ፊሊፒንስ በወቅቱ የሚከሰስበት ሕግ ስላልነበራት በነፃ ተለቀቀ። እነዚህ ሰዎች ጉዳት አድርሰዋል፤ ሆኖም ከኋላቸው የቆመ ከፋይ አልነበረም። የማወቅ ጉጉት፣ ዝና፣ ችግር፣ ብልጠት፤ ከዚህ አያልፍም። ዛሬም እንዲህ ያለ ወጣት አይጠፋም። ብቻውን ግን የዛሬውን ዓይነት ጥፋት ያደርሳል ለማለት ያስቸግራል።

ከዚያ በኋላ ሠሪውና ተጠቃሚው ተለያዩ። ፍላሽ ላይ አቋራጭ ምልክት እየተከሉ ከተዛመቱት ቫይረሶች አንዱ «ጋማሩ» ወይም «አንድሮሜዳ» የሚባለው ነው። ከ2011 ጀምሮ በድብቅ ገበያ ላይ እንደማንኛውም ዕቃ ይሸጥ ነበር፤ ገዢው ኮድ መጻፍ አይጠበቅበትም፣ ዋጋውን ከፍሎ ይረከባል። በኅዳር 2017 የአሜሪካና የአውሮፓ ፖሊሶች ከማይክሮሶፍት ጋር ሆነው መረቡን ሲያፈርሱ፣ ከዚህ አንድ ዕቃ የተቋቋሙ 464 የተለያዩ የተጠለፉ ኮምፒዩተሮች መረቦች መገኘታቸው ተገለጸ፤ አንድ ተጠርጣሪም ቤላሩስ ውስጥ ተያዘ። «የእኔ አሮጌ ላፕቶፕ ለማን ይጠቅማል?» ለሚለው የተለመደ ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ነው። ገዢው የሚፈልገው የእርስዎን ጽሑፍ አይደለም። የሚፈልገው ኮምፒዩተሩን ነው፤ አይፈለጌ ኢሜይል ሊልክበት፣ የይለፍ ቃል ሊለቅምበት፣ የሌላ ወንበዴ ቫይረስ በኪራይ ሊጭንበት። አንዱ ለብቻው ዋጋ ባይኖረውም መቶ ሺው ሲደመር ጥሩ ገቢ ነው። ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ተጭኖበት ዝመና አይቶ የማያውቅ የኮፒ ቤት ኮምፒዩተር ደግሞ ለእንዲህ ያለው ገበያ የተመቸ ነው። ማንም ካዛንቺስን ለይቶ ስላጠቃት አይደለም፤ በሩ ክፍት ስለነበር ነው።

እዚህ ላይ ከጥገና ቤቶች እስከ ቢሮዎች የሚናፈሰውን ወሬ መመለስ ያስፈልጋል፤ ቫይረሱን የሚሠሩት ራሳቸው አንቲቫይረስ የሚሸጡት ናቸው የሚለውን። ጥርጣሬው ከምንም የመጣ አይደለም፤ ከፍርሃት የሚያተርፍ ነጋዴ ሁሉ ሊጠረጠር ይገባል። ምንጫቸው ተጣርቶ በታወቁት ትልልቅ ቫይረሶች ጀርባ የተገኙት ግን ተማሪዎች፣ ወንበዴዎች፣ የስለላ ዕቃ ነጋዴዎችና መንግሥታት ናቸው። አንቲቫይረስ ሻጩ ደንበኛ ለማግኘት ቫይረስ መፍጠር አያስፈልገውም፤ ሌሎቹ በበቂ ያመርቱለታል። ወሬው የሚጎዳው እውነተኛውን ገዢ ስለሚሰውርልን ነው።

ከእነዚህ ገዢዎች ውስጥ ለኢትዮጵያ ሰው በቅርብ ሊታወቅ የሚገባው መንግሥት ነው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ተቋም በመጋቢት 2013 ባወጣው ዘገባ፣ የተቃዋሚውን የግንቦት 7 ድርጅት መሪዎች ፎቶግራፍ እንደ ማጥመጃ የሚጠቀም «ፊንስፓይ» የተባለ የስለላ ፕሮግራም ማግኘቱን፣ ፕሮግራሙ መረጃ የሚልክለት ሰርቨርም በኢትዮ ቴሌኮም አድራሻ ኢትዮጵያ ውስጥ እንደነበረ ገለጸ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 20 ቀን (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ የኢሳት ቴሌቪዥን ባልደረቦችን ለማጥመድ ሦስት ሙከራ ተደረገ፤ ከተላኩት አንዱ ለጣቢያው የተጻፈ ጽሑፍ መስሎ የመጣ ፋይል ነበር። ተቋሙ ይህን ሃኪንግ ቲም ከተባለው የሚላኖ የስለላ ሶፍትዌር ኩባንያ ምርት ጋር አያያዘው። የኢትዮጵያ መንግሥት በወቅቱ አስተባበለ። በሐምሌ 2015 ግን የሃኪንግ ቲም የራሱ ቋት ተሰርቆ 400 ጊጋባይት ያህል ሰነድ ለዓለም ሲዘረገፍ፣ ከደንበኞቹ መካከል የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ ኢንሳ፣ ተገኘ፤ በ2012 የተከፈለው ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር እንደሆነም ሰነዶቹ ያሳያሉ። በታኅሣሥ 2017 ሲቲዝን ላብ ሦስተኛ ሻጭ ጠቀሰ፤ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ። በዚህኛው ወጥመድ ፕሮግራሙ የሚላከው የአዶቤ ፍላሽ ማሻሻያ መስሎ ነበር፤ ከዒላማዎቹም በወቅቱ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ኃላፊ የነበረው ጃዋር መሐመድ ይገኝበታል። ፕሮግራሞቹን የጻፉት መሐንዲሶች በኢትዮጵያ ላይ ቂም ያላቸው ሰዎች አልነበሩም፤ ደመወዝተኞች ናቸው። ሚላኖ ተቀምጦ ኮድ ለሚጽፍ ሰው የኢሳት ጋዜጠኛ የሚባል ሰው መኖሩም ላይታወቀው ይችላል። ከሌሊት ወንበዴ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ጉዳቱን የሚያየው ሰው አልሠራውም፣ የሠራው ሰው ጉዳቱን አያየውም፣ በሁለቱ መካከል ያለው ደረሰኝ ብቻ ነው።

«መንግሥት አሸባሪንና ወንጀለኛን ሊከታተል የግድ መሣሪያ ያሻዋል» የሚለው መከራከሪያ ቀላል አይደለም፤ በአንድ ነገርም ትክክል ነው። በፍርድ ቤት ትእዛዝ ግንኙነት መጥለፍ በብዙ አገር ሕግ የተፈቀደ ነው፤ የእኛው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም ይፈቅደዋል። ነገር ግን ማስረጃው የሚያሳየን ምን ዓይነት ዒላማ ነው? «ኪዳኔ» በሚል የሽፋን ስም አሜሪካ ፍርድ ቤት የቀረበው የሜሪላንድ ነዋሪ ኮምፒዩተር ላይ ፊንስፓይ ለወራት ሲሠራ የቀዳው የስካይፕ ንግግሩን ብቻ አልነበረም፤ ልጁ ለትምህርት ቤት ሥራ ያደረገውን የኢንተርኔት ፍለጋ ጭምር ነው። ሁለተኛው መልስ ከዒላማው ይሰፋል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ብዙ ጊዜ የሚገባው በሶፍትዌር ክፍተት ነው፤ ክፍተቱ እንዲያገለግል ደግሞ ሳይደፈን መቆየት አለበት፤ ሳይደፈን ሲቆይ ለሁሉም ክፍት ነው። በግንቦት 2017 በ150 ያህል አገሮች ኮምፒዩተሮችን ቆልፎ 300 ዶላር ማስለቀቂያ የጠየቀው «ዋናክራይ» የተስፋፋው የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ ለራሱ ሠርቶ ባስቀመጠውና በተሰረቀበት መሣሪያ ነው። አሜሪካና ብሪታንያ ጥቃቱን ያደረሰችው ሰሜን ኮሪያ ናት ብለዋል። ለአንድ መንግሥት ጥበቃ ተብሎ የተሠራው ዕቃ የብሪታንያን ሆስፒታሎች ሥራ አስተጓጉሏል።

ታዲያ ሕግ ምን ይሠራል? ቀድሞ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ፣ ኋላም በተካው በአዋጅ 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒዩተር መግባትና ለዚህ የሚሆን ፕሮግራም ማሰራጨት ያስቀጣል። ሕጉ የኮፒ ቤቱን ጎረምሳ ሊይዝ ይችላል፤ ዕቃውን የገዛው መንግሥት ሲሆን ግን ክንዱ ያጥራል። የኪዳኔን ክስ የዋሽንግተን ይግባኝ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2017 የዘጋው ስለላው አልተፈጸመም ብሎ ሳይሆን፣ ድርጊቱ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ ስላልተፈጸመ የውጭ መንግሥት ሊከሰስ አይችልም ብሎ ነው። ገዢውን መክሰስ ካልተቻለ የሚቀረው ሻጩ ነው፤ ይህ ደግሞ አንድ አገር ብቻዋን የምትወጣው አይደለም። 17ኛው የዓለም የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ በኅዳር 2022 የተካሄደው እዚሁ ካዛንቺስ፣ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ቅጥር ውስጥ ነው፤ የስለላ ሶፍትዌር ንግድ ጉዳይ ከዚህ ሰፈር የራቀ የፈረንጅ ጭንቀት ነው ማለት አይቻልም። ሻጩን መያዝ እንደሚቻል የሚያሳይ ጅምርም አለ። ጣሊያን በ2016 የሃኪንግ ቲምን አጠቃላይ የወጪ ንግድ ፈቃድ ሰርዛለች። ፊንስፓይን ይሸጥ የነበረው የሙኒኩ ፊንፊሸር በ2022 ኪሳራ አውጆ ተዘግቷል፤ በ2023 የጀርመን ዐቃቤ ሕግ አራት የቀድሞ ኃላፊዎቹን ከሷል። ክሱ የተመሠረተው ያለ ፈቃድ ለቱርክ በተደረገ ሽያጭ ላይ ነው።