በወቅቱ ማብቂያ አጋዘንን በባህላዊ ቀስት ማደን

ባህላዊ ቀስት መዘውርም ማነጣጠሪያም የለውም። የጎበጠ እንጨትና አውታር ነው፤ ጉልበቱ ሁሉ ከሳቢው ጀርባና ክንድ ይመጣል። በዚህ መሣሪያ አጋዘን ማደን በአሜሪካ የራሱ ታሪክ፣ የራሱ ሕግና የራሱ ወዳጆች አሉት። የቀስት አደን በአብዛኞቹ የምሥራቅና የመካከለኛው ምዕራብ ግዛቶች መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ ይከፈትና ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ ይዘጋል። በመክፈቻው ሰሞን ቅጠሉ አልረገፈም፤ አጋዘኑም ገና አልተሸበረም። በማብቂያው ሰሞን ግን ጫካው ተራቁቷል፣ ሰሜናዊው ምድር በረዶ ለብሷል፤ ከጥይትና ከፍላጻ ተርፎ እዚያ የደረሰ አጋዘንም የሰው ጠረንና የሰው ኮቴ ምን እንደሚያስከትል ጠንቅቆ ያውቃል። መሣሪያው ደግሞ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚደርሰው ከ15 እስከ 20 ሜትር ብቻ ነው። አዳኙ በዚያ ቀን የሚያደርገው ነገር ሁሉ የሚወሰነው በዚህች አጭር ርቀት ነው።

ቀስቱ በሁለት ዓይነት ይሠራል። ረጅሙ ቀስት ቁመቱ ከሰው ቁመት ብዙም አያንስም፤ ሲወጠርም አንድ ወጥ ጉብጠት ይይዛል። ሁለተኛው አጠር ያለ ሲሆን ጫፎቹ ከተኳሹ ወደ ፊት ይቆለመማሉ፤ ቆልማማው ጫፍ በሚሳብበት ጊዜ ተጨማሪ ጉልበት ያጠራቅማል። ኦሴጅ ኦሬንጅ የተባለው ቢጫ እንጨት፣ ሂከሪና ዩ ከአንድ ግንድ ቀስት በሚጠርቡ ባለሙያዎች ዘንድ ዛሬም ተፈላጊ ናቸው። በገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ግን ከስስ እንጨትና ከፋይበርግላስ ንጣፎች ተጣብቀው የተሠሩ ናቸው። የቀስት ክብደት የሚባለው አውታሩን 28 ኢንች ማለትም 71 ሴንቲ ሜትር ያህል ለመሳብ የሚጠይቀው ጉልበት ነው። ለአጋዘን ከ40 እስከ 55 ፓውንድ የተለመደ ሲሆን፣ ይህም ከ18 እስከ 25 ኪሎ ግራም ይሆናል።

የዚህን ክብደት ትርጉም ለመረዳት ባለ መዘውሩን ዘመናዊ ቀስት ማየት ይጠቅማል። እሱን የፈለሰፈው የሚዙሪው ሆሌስ ዊልበር አለን ሲሆን የፈጠራ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1969 አገኘ። በዛሬው ባለ መዘውር ቀስት አውታሩ እስከ መጨረሻው ከተሳበ በኋላ መዘውሩ አብዛኛውን ክብደት ይሸከማል፤ አዳኙም አጋዘኑ እስኪመቻች ድረስ ስቦ መቆየት ይችላል። በባህላዊው ቀስት ነገሩ ተቃራኒ ነው። ክብደቱ ከሁሉ የሚበረታው መጨረሻ ላይ፣ በሦስት ጣቶች ላይ ነው፤ ስለዚህ ከጥቂት ሰከንድ በላይ መያዝ አይቻልም። መቼ መሳብ እንዳለበት ያልለየ አዳኝ ክንዱ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ በተንቀጠቀጠ ክንድ ደግሞ አጋዘን ላይ መልቀቅ አይገባም።

በአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ዘንድ ቀስት ከሺህ ዓመታት በላይ የዕለት ጉርስ ማግኛ ነበር። ወደ ዛሬዎቹ አዳኞች ከተሻገረባቸው መንገዶች አንዱ የኢሺ ታሪክ ነው። ኢሺ በካሊፎርኒያ የያሂ ሕዝብ የመጨረሻው ሰው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1911 ኦሮቪል ከተባለች ከተማ አጠገብ ብቻውን ተገኘ። ከዚያ በኋላ የኖረው በሳን ፍራንሲስኮ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ውስጥ ነው። የዩኒቨርሲቲው ሐኪም ሳክስተን ፖፕ ሊያክመው ቀርቦ ወዳጁ ሆነ፤ ቀስት መጥረብን፣ ፍላጻ ማቃናትንና ድምፅ ሳያሰሙ መቅረብንም ከኢሺ ተማረ። ኢሺ እ.ኤ.አ. በ1916 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ፖፕ እ.ኤ.አ. በ1923 ያሳተመው የቀስት አደን መጽሐፍ ብዙ ወጣቶችን ወደ ጫካ መለሰ። ሕዝቡ የጠፋበት ሰው ዕውቀቱን ለሌላ ሕዝብ ልጅ ማካፈሉ በዚህ ሙያ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ስጦታ ነው። ዊስኮንሲን እ.ኤ.አ. በ1934 ለቀስት ብቻ የተለየ የአጋዘን ወቅት ከፈተች፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሏት። የሚሺጋኑ ፍሬድ ቤር ደግሞ ፋይበርግላስ የተለበጠባቸውን ቀስቶች በፋብሪካ እያመረተ መሣሪያውን ለብዙኃኑ አዳረሰ።

ታዳኙ ባለ ነጭ ጭራ አጋዘን ነው። ከኢትዮጵያው አጋዘን በቀንዱ ይለያል፤ የኢትዮጵያው ጠምዛዛ ቀንዱን ዕድሜውን ሙሉ ይዞ ሲኖር፣ የአሜሪካው ቀንድ ቅርንጫፍ ያለው አጥንት ሆኖ በየዓመቱ ይረግፍና እንደገና ይበቅላል። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ለገበያ በሚደረግ አደን ምክንያት ይህ እንስሳ በመላ አገሪቱ ከግማሽ ሚሊዮን በታች ወርዶ እንደነበር ይገመታል። የሥጋ ንግዱ ታግዶ አደኑ በወቅትና በፈቃድ ሲወሰን ግን አንሰራራ፤ ዛሬ 30 ሚሊዮን ገደማ እንደሚሆን ይገመታል። በአብዛኛው የምሥራቁ ክፍል ተኩላና ፑማ ከጠፉ ቆይተዋል። ጎልማሳ እንስት ደግሞ ጥሩ ምግብ ካገኘች ብዙ ጊዜ መንታ ትወልዳለች። ውጤቱን በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በየጓሯቸውና በየመንገዱ ያዩታል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት የቨርጂኒያው ፌርፋክስ ካውንቲ በመናፈሻዎቹ ውስጥ የአጋዘኑን ቁጥር የሚቀንሰው በከፊል በተመረጡ ቀስተኞች ነው፤ የእነሱም ወቅት እስከ ብርዱ ወራት ይዘልቃል።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ የስሪያ ወቅት ይደርሳል። ወንዱ ለሳምንታት እንስት ሲያሳድድ መብላቱን ስለሚዘነጋ ከሰውነቱ ክብደት እስከ ሩብ የሚደርስ ሊያጣ ይችላል። ወዲያው የጠመንጃው ወቅት ይከተላል። ታኅሣሥ ሲገባ አጋዘኑ ደክሟል፣ ፈርቷል፣ ርቦታልም። ተፈጥሮ ለዚህ ጊዜ አዘጋጅታዋለች፤ የክረምት ፀጉሩ ወፍራምና ውስጡ ክፍት ስለሆነ ሙቀት አያስወጣም። በመኸር ያጠራቀመውን ስብ እያቃጠለ፣ እንቅስቃሴውንም ቀንሶ ይኖራል። ቀን ቀን ነፋስ በሚከልል የጥድ ጫካ ወይም ፀሐይ በሚመታው ደቡባዊ ተዳፋት ላይ ተኝቶ ያመሰኳል። ወደ ማታ ተነስቶ ከአጨዳ የተረፈ በቆሎ ወይም አኩሪ አተር ወዳለበት ማሳ፣ ካልሆነም የኦክ ፍሬ ወደረገፈበት ይወርዳል። በተለይ የነጩ ኦክ ፍሬ ምሬቱ አነስተኛ ስለሆነ ቀድሞ ያልቃል፤ በዚህ ጊዜ የሚገኘው በአብዛኛው መራራው የቀይ ኦክ ፍሬ ነው።

በስሪያ ወቅት ወንዱ በየትኛውም ሰዓት በየትኛውም አቅጣጫ ሊመጣ ይችላል። በማብቂያው ግን ከመኝታ ወደ መኖ፣ ከመኖ ወደ መኝታ ይመላለሳል እንጂ ብዙ አይንከራተትም። ስለዚህ ልምድ ያለው አዳኝ ጠዋቱን ብዙ ጊዜ ይተወዋል። ጎህ ሳይቀድ ወደ ስፍራው ቢሄድ ማሳው ላይ የሚበሉትን አጋዘኖች በጨለማ ያባርራል፤ የተባረረ መንጋ ደግሞ ለቀናት በብርሃን ላይመለስ ይችላል። በኦሃዮና በሚሺጋን በዚህ ሰሞን ቀኑ አጭር ነው፤ ፀሐይ የምትጠልቀው 11 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ሕጉም ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት ብቻ ይጨምራል። ወሳኙ ጊዜ የመጨረሻው ሰዓት ስለሆነ አዳኙ ከቀትር በኋላ ቀደም ብሎ ቦታውን ይይዛል።

ቦታው የሚመረጠው በነፋስ ነው። አጋዘን የሚያየውን ሊጠራጠር፣ የሚሰማውን ቆሞ ሊያጣራ ይችላል፤ ያሸተተውን ግን አይጠራጠርም። ስለዚህ አዳኙ ነፋሱ ከአጋዘኑ መምጫ ወደ እሱ የሚነፍስበትን ጎን ይይዛል፤ ትንሽ ዱቄት በትኖም አቅጣጫውን ይፈትሻል። ሌላም ነገር አለ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቀዝቃዛው አየር ከተዳፋቱ ወደ ሸለቆው እንደ ውሃ ይወርዳል፤ በቀትር ትክክል የነበረው መቀመጫ በማታ የሰውን ጠረን ቁልቁል እየለቀቀ ሁሉን ሊያበላሽ ይችላል። ይህን ያልቆጠረ አዳኝ የቀኑን ድካም በመጨረሻዋ ግማሽ ሰዓት ያጣዋል።

አንዳንዱ ዛፍ ላይ በታሰረ መቀመጫ፣ ከ5 እስከ 6 ሜትር ከፍ ብሎ ይጠብቃል። ከዛፍ መውደቅ የአጋዘን አዳኞች ዋነኛ አደጋ ስለሆነ በመታጠቂያ ቀበቶ ራሱን ከግንዱ ጋር ያስራል። ቅጠሉ ረግፎ ዛፉ ሲራቆት ግን ከፍታ ብቻ አይሸሽግም። ከጀርባው ወፍራም ግንድ ወይም ጥድ ያስፈልገዋል። ሌላው በወደቀ ግንድ ሥር መሬት ላይ ይቀመጣል። ልብሱ ሱፍ ቢሆን ይመረጣል፤ ሱፍ እርጥበት ቢነካውም ይሞቃል፣ ቅርንጫፍ ሲነካውም አይንኮሻኮሽም።

ሦስት ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ በብርድ መቀመጥ ጡንቻን ያደነድናል። በጥቅምት በቀላሉ ይሳብ የነበረ ቀስት በጥር እንቢ ሊል ይችላል። ለዚህ ነው ብዙዎች ለወቅቱ ማብቂያ ቀለል ያለ ቀስት የሚይዙት። እጃቸውን ወገባቸው ላይ በታሰረ የፀጉር ኪስ ውስጥ ያሞቃሉ፤ አልፎ አልፎም አጋዘን በሌለበት ቅጽበት አውታሩን በግማሽ ስበው ይመልሳሉ። ወፍራም እጅጌ የአውታሩን መንገድ ስለሚዘጋ ክንድ ላይ በቆዳ መከላከያ ይታሰራል። ልምምዱም በዚያው ካፖርት መደረግ አለበት፤ በሸሚዝ ሲለማመድ ቆይቶ በካፖርት የሚተኩስ ሰው ፍላጻው የት እንደሚሄድ አያውቅም።

መጀመሪያ የምትታየው ብዙ ጊዜ ሸምገል ያለች እንስት ናት። ከጫካው ጠርዝ ቆማ ታሸታለች፣ ጆሮዋን ታዞራለች፣ ከተጠራጠረች በፊት እግሯ መሬቱን ትመታለች። ሌሎቹ እሷን አይተው ይወጣሉ። በዚህ ጊዜ ቀንድ የሌለው ሁሉ እንስት አይደለም፤ አንዳንዱ ወንድ ቀንዱን ቀድሞ ስለሚያረግፍ የግንባሩን ጠባሳ ማየት ይጠይቃል። ቀስት የሚሳበው አጋዘኑ አንገቱን ሲደፋ ወይም ጭንቅላቱ በግንድ ሲከለል ነው። አዳኙ አውታሩን እስከ ከንፈሩ ጥግ ስቦ፣ ዓይኑን በሚመታት ጠባብ ነጥብ ላይ ተክሎ ይለቃል። የሚመርጠው ጎኑን የሰጠ ወይም ፊቱን ከአዳኙ ትንሽ ወዲያ ያዞረ አጋዘን ነው፤ ፍላጻው ከትከሻው ኋላ ገብቶ ሁለቱን ሳንባዎች ማለፍ አለበት። ፊት ለፊት የቆመ አጋዘን ላይ ጠንቃቃ አዳኝ አይለቅም።

ርቀቱ ለምን ማጠር እንዳለበት በቁጥር ማየት ይቻላል። 30 ግራም ያህል የሚመዝን ፍላጻ ከባህላዊ ቀስት ሲወጣ በሰከንድ 55 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ 18 ሜትር ለመድረስ የሰከንድ አንድ ሦስተኛ ይወስድበታል። የአውታሩ ድምፅ ግን በሰከንድ 330 ሜትር ያህል ስለሚሄድ ብዙ ቀድሞ ይደርሳል። የተሸበረ አጋዘን ድምፁን ሲሰማ ለመዝለል እግሩን ያጥፋል፤ ደረቱም አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ሊል ይችላል። ፍላጻው ከላዩ ያልፋል፤ ባስ ሲልም ከማይገባ ቦታ ይመታዋል። ድምፁን ለመቀነስ አውታሩ ላይ የሱፍ ወይም የቢቨር ፀጉር ጥቅል ይታሰራል። ትልቁ መድኃኒት ግን መቅረብ፣ የተረጋጋ እንስሳ መምረጥ፣ ያ ካልሆነም ሳይለቁ መተው ነው።

ፍላጻ የሚገድለው ደም በማፍሰስ ስለሆነ ጫፉ እንደ ምላጭ መሳል አለበት። አጋዘኑ ከተመታ በኋላ ሮጦ ይሰወራል። አዳኙ ፍላጻውን አግኝቶ ይመረምራል። አረፋ ያለው ደማቅ ደም የሳንባ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ተጠብቆ መከተል ይቻላል። ጠቆር ያለ ደም ጉበት መመታቱን ስለሚያሳይ ጥቂት ሰዓታት መቆየት ይጠይቃል። አረንጓዴ ፈርስና ሽታ ካለበት ሆድ ተመትቷልና ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴም እስከ ነጋ ድረስ አይነካም፤ ቶሎ ከተነሳበት እንስሳው ርቆ ሄዶ ይጠፋል። በረዶ እዚህ ላይ ባለውለታ ነው፤ ዱካውንም ደሙንም ያሳያል። አዲስ በረዶ መጣል ከጀመረ ግን ምልክቱን ስለሚሸፍን ውሳኔው ይከብዳል። ብዙ ግዛቶች በማሰሪያ የተያዘ ውሻ ለፍለጋ ይፈቅዳሉ።

አጋዘኑ ሲገኝ በግዛቱ ሕግ መሠረት ይመዘገባል፤ ምዝገባው ለሚቀጥለው ዓመት የፈቃድ ቁጥር መነሻ ይሆናል። የሆድ ዕቃው እዚያው ይወጣል፤ ብርዱም ሥጋውን ከመበላሸት ይጠብቀዋል። ከዜሮ እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ ለቀናት ተሰቅሎ ሲቆይ ይለሰልሳል። ሥጋው ቀይና ስብ የለሽ ነው፤ የአጋዘን ሞራ ቶሎ ስለሚረጋ ሳይበስል ተገፎ ይጣላል። አዳኙ ሥጋውን መሸጥ አይፈቀድለትም። ለቤተሰቡ ይሆናል፣ ለጎረቤት ይሰጣል፣ ወይም ለችግረኞች ምግብ ለሚያድሉ ድርጅቶች ይለገሳል። እ.ኤ.አ. በ1967 በኮሎራዶ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የአጋዘኖች የአንጎል በሽታ በተሰራጨባቸው አካባቢዎች የአንገት ዕጢ ናሙና ለምርመራ ይላካል። በሽታው ወደ ሰው መተላለፉ አልተረጋገጠም፤ ሆኖም የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በሽታው የተገኘበት ሥጋ እንዳይበላ ይመክራል።