የዋኖስ ወተት

ጫጩት ወተት ሲጠባ ያየ አለ? የለም። ወፍ ጡት የለውማ! ይሁን እንጂ ጫጩቶቻቸውን በወተት የሚያሳድጉ ወፎች አሉ። ከእነሱም መካከል ርግብና ዋኖስ ይገኛሉ። ዛሬ በደን ውስጥ ስለምትኖር አንዲት ዋኖስ እናነባለን።

ይህች ዋኖስ በካፋና በኢሉባቦር ደኖች ትገኛለች። በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም አለች። ርዝመቷ አንድ ስንዝር ያህል ነው። ጀርባዋ ቡናማ ነው። የወንዱ ፊትና ሆድ ነጭ ነው። የሴቷ ወደ ግራጫ ያደላል።

በጥሻ ውስጥ ስለምትውል እሷን ከማየት ድምፅዋን መስማት ይቀላል። መጀመሪያ ቀስ ብላ «ዱ፣ ዱ» ትላለች። ከዚያ እያፈጠነች ትሄዳለች። ልክ እንደ ከበሮ ነው። በሳይንስ ስሟ «ቲምፓኒስትርያ» ትባላለች። ይህም በግሪክ ቋንቋ ከበሮ መቺ ማለት ነው።

ጎጆዋን የምትሠራው በቁጥቋጦና በሐረግ መካከል ነው። ጎጆው ጥቂት ጭራሮ ነው። ሁለት እንቁላል ትጥላለች። ሴቷም ወንዱም በተራ ይታቀፋሉ።

የዶሮ ጫጩት እንደተፈለፈለ ራሱ ይለቅማል። የዋኖስ ጫጩት ግን ዓይኑ ያልተገለጠ ደካማ ነው። ጥሬ መዋጥ አይችልም። ታዲያ ምን ይበላል?

ዋኖስ በአንገቷ ሥር ጥሬ የምታጠራቅምበት ከረጢት አላት። ጫጩቶቹ ሊፈለፈሉ ሲሉ፣ ከከረጢቱ ውስጥ እርጎ የመሰለ ነገር ይወጣል። ጫጩቶቹ አፋቸውን በእናታቸው አፍ ከተው ይመገቡታል። የሚገርመው፣ አባትየውም ይህ ወተት አለው! ልጆቹን ሁለቱም ያጠባሉ ማለት ነው።

ላም ሣር ካልበላች አትታለብም። ዋኖስም ካልበላች ወተት የላትም። ምግቧን የምትለቅመው ከደኑ መሬት ላይ ነው። የወደቀ ፍሬ፣ ዘርና ትንንሽ ነፍሳት ትበላለች። ሰውን የሚመርዘውን የጉሎ ፍሬ እንኳ ትበላለች።

እንግዲህ ደኑ ተመንጥሮ ሲቃጠል የሚጠፋው ዛፉ ብቻ አይደለም። የጎጆው ቦታ ይጠፋል። የሚለቀመው ፍሬ ይጠፋል። ወተቱም ይደርቃል። ይህች ዋኖስ ዛሬ ከዓለም ልትጠፋ የተቃረበች አይደለችም። ደኑ ባለቀበት ቀበሌ ግን ከበሮዋ አይሰማም።

የካፋና የያዩ ደኖች በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። ሰውና ደን አብረው እንዲኖሩባቸው ተብለው የተመዘገቡ ናቸው። ዋናው ጠባቂ ግን እዚያው የሚኖረው ገበሬ ነው። ስለዚህ የቡናውን ሥር ስንመነጥር በወንዝ ዳር ያለውን ቁጥቋጦ እንተወው። የታቀፈች ዋኖስ ካየንም አናስደንግጣት። ልጆቻችንም እንዳይነኳት እንንገራቸው።

ጥያቄዎች
1. የዋኖስ ወተት ከየት ይወጣል?
2. ጫጩቶቹን የሚመግበው ማን ነው?
3. በእናንተ ቀበሌ የዋኖስ ድምፅ ይሰማል? ድሮስ ይሰማ ነበር? ተወያዩበት።