ሕመምን ማስታገስ መግደል አይደለም



ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እህት ማታ ስልክ ደወለችልኝ። እናቷ በካንሰር ታመው አልጋ ከያዙ ወራት አልፈዋል። ሐኪሙ ከእንግዲህ በሽታውን የሚያድን ሕክምና እንደሌለ ነግሯቸው፣ ለሥቃያቸው የሚጠጣ ሞርፊን አዝዞ ወደ ቤት ሸኝቷቸዋል። መድኃኒቱ ከተገዛ ሦስት ቀን ሆኖታል፤ እርሷ ግን ለመስጠት ፈርታለች። «ፓስተር፣ ይህን የሚሰጡት ሊሞት ለደረሰ ሰው ነው ይላሉ። ሰጥቻት ብትሞት እናቴን ገደልኳት ማለት አይደለም ወይ?» አለችኝ።

መልሱን አላውቅም ነበር። «እስቲ በጸሎት እንያዘው» አልኳት። እናትየው ሁለት ሌሊት ሲያቃስቱ አነጉ። በሦስተኛው ቀን ነርስ የሆነች የጉባኤያችን አባል ሄዳ ነገሩን አስረዳቻቸውና መድኃኒቱ ተጀመረ። እናትየው ተኙ፤ ሲነቁ ጥቂት ቀመሱ፤ ልጆቻቸውን ጠርተው መረቁ። ወደ ጌታ የሄዱት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። መጸለዬ ስሕተት አልነበረም፤ አለማወቄን በጸሎት መሸፈኔ ግን ስሕተት ነበር። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም በዚያች እህት ቦታ የቆሙ ብዙዎች እንዳሉ ስለማውቅ ነው።

ሁለቱ ምንና ምን ናቸው?

በሕክምናው ዓለም «ፓሊየቲቭ ኬር» የሚባለው የማስታገሻ እንክብካቤ፣ ከባድ ሕመም ያለበትን ሰው ሥቃይ የሚያቃልልና ቤተ ሰቡን የሚደግፍ ሕክምና ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ይህ ሕክምና ሞትን አያፋጥንም፣ አያዘገይምም። «ዩታኔዢያ» ወይም የምሕረት ግድያ የሚባለው ግን ሥቃዩን ለማስቀረት ሲባል በሽተኛውን ራሱን መግደል ነው። አንደኛው ሕመሙን ያጠፋል፤ ሌላኛው ሕመምተኛውን።

ኔዘርላንድስና ቤልጅየም እ.ኤ.አ. በ2002፣ ካናዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ዩታኔዢያን በሕግ ፈቅደዋል። በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ፣ በኋላም በዋሽንግተን ግዛት፣ በካሊፎርኒያና በዋሽንግተን ዲሲ፣ ሐኪም የሚገድል መድኃኒት አዝዞለት በሽተኛው ራሱ እንዲወስደው ተፈቅዷል። በእነዚህ ቦታዎች ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ፤ በነርስነትና በአስታማሚነት የሚሠሩም አሉ። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ሰው ራሱን እንዲያጠፋ መርዳት ወንጀል ነው። በአገር ቤት የሚበዛው ችግር ግን ሌላ ነው፤ ማስታገሻውን ከመግደል ጋር አደባልቀን ሰው ያለ መድኃኒት እንዲሠቃይ መተዋችን ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እንለይ፦

1. ሞርፊን የሞት መድኃኒት አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው የካንሰር ሕመም ማስታገሻ መመሪያ፣ ለቀላል ሕመም እንደ ፓራሲታሞል ያሉት፣ ሲጠና እንደ ኮዴን ያሉት፣ ሲበረታ ሞርፊን እንዲሰጥ መክሯል። ሐኪሙ በትንሽ መጠን ጀምሮ የሕመሙን ልክ እያየ ይጨምራል። ሕመሙ እስኪመለስ ሳይጠበቅም በሰዓቱ ይሰጣል። ድርቀትና እንቅልፍ ያመጣል፤ ለዚህም መፍትሔ አለው። በትክክል ሲሰጥ የሚገድለው ሕመሙን እንጂ ሰውየውን አይደለም። ለመግደል የፈለገ ሰው መጠኑን የሚወስነው ለሞት እንዲበቃ አድርጎ ነው፤ ሊያስታግስ የፈለገ ግን ሕመሙ ሲተው ያቆማል።

2. የማይጠቅም ሕክምናን መተው መግደል አይደለም። ሰውነት ከደከመ በኋላ ሥቃይ ብቻ የሚጨምር ማሽን ወይም ቀዶ ሕክምና ይቅርብኝ ማለት፣ መሞት የማይቀር መሆኑን መቀበል ነው። የገደለው በሽታው ነው።

3. መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጣት አይደለም። ጌታችን በመስቀል ላይ ከርቤ የተቀላቀለበትን የወይን ጠጅ አልቀበልም ማለቱን (ማር. 15፡23) የሚጠቅሱ ወገኖች አሉ። ያ ግን ስለ ኃጢአታችን የከፈለው የቤዛነት ሥቃይ ነው፤ ማንም ሰው በካንሰር ሕመም ሊጨምርበት አይችልም። ደጉ ሳምራዊ በቁስሉ ላይ ዘይትና ወይን አፈሰሰ (ሉቃ. 10፡34)፤ ጌታም እኛ እንዲሁ እንድናደርግ አዘዘ።

ሞትን የለመኑ የእግዚአብሔር ሰዎች

መጽሐፍ ቅዱስ ሞትን የተመኙ ሰዎችን አይደብቅም። ኢዮብ የተወለደበትን ቀን ረገመ፤ ዮናስም መሞት ይሻለኛል አለ። ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ እግዚአብሔር ነፍሱን እንዲወስዳት ለመነ (1ኛ ነገ. 19፡4-8)። እግዚአብሔር የለመነውን አልሰጠውም፤ አልገሠጸውምም። እንዲተኛ ተወው፤ በመልአክ እጅ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ መንገዱ እንደሚበረታበትም ነገረው። ለደከመ ሰው የሰጠው መልስ ዕረፍት፣ ምግብና አጠገቡ መገኘት ነበር።

የሳኦልን ታሪክ ደግሞ እናስብ። በጦርነት ቆስሎ ጋሻ ጃግሬውን እንዲገድለው ጠየቀው፤ እርሱ ግን ፈርቶ እምቢ አለ (1ኛ ሳሙ. 31፡4)። በኋላ አንድ አማሌቃዊ፣ ሳኦል ለምኖኝ ገደልሁት ብሎ ወደ ዳዊት መጣ፤ ዳዊትም ፈረደበት (2ኛ ሳሙ. 1፡6-16)። የፍርዱ ምክንያት ሳኦል የተቀባ ንጉሥ መሆኑ ነው። ሆኖም የሟቹ ልመና ለገዳዩ ነጻ መውጫ አልሆነለትም። ንጉሥ ያልሆነውም ሰው ቢሆን የተፈጠረው በእግዚአብሔር መልክ ነው (ዘፍ. 9፡6)፤ ሕይወቱም የራሱ ወይም የሐኪሙ ንብረት አይደለም።

ሰዎች ሞትን የሚጠይቁት ለምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ምክንያቱ ሕመም ብቻ ይመስለናል። የኦሪገን ግዛት በየዓመቱ በሚያወጣው ዘገባ ግን ቀድመው የሚጠቀሱት በራስ ላይ ማዘዝ አለመቻል፣ የሚወዱትን ነገር ማድረግ አለመቻልና ክብርን ማጣት ናቸው። ለቤተ ሰብ ሸክም መሆንን የሚጠቅሱም ብዙ ናቸው። ሕመም ወይም የሕመም ፍርሃት ከእነዚህ በኋላ ይመጣል።

ይህን ቀድማ የተረዳች አማኝ ሴት ነበረች። እንግሊዛዊቷ ሲስሊ ሳንደርስ በመጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥሎ የሆስፒታል ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ በመጨረሻም ሐኪም ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈርስ ሆስፒስን ከፈተች። የሚሞት ሰው ሥቃይ የሥጋ ብቻ ሳይሆን የአሳብ፣ የማኅበራዊ ኑሮና የመንፈስም ሥቃይ መሆኑን አስተማረች። እስከ ዕለተ ሞቷም የምሕረት ግድያን ተቃወመች። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ በሽተኞችን ቤታቸው ድረስ እየሄደ ሲረዳ ቆይቷል።

ከሥቃዩ አራት ክፍሎች ሞርፊን የሚደርሰው ለአንዱ ነው። ለቀሩት ሰው ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ነው ቤተ ክርስቲያን የምትጠየቀው። «ዩታኔዢያ ኃጢአት ነው» ብለን ሰብከን በሽተኛውን ካልጎበኘን፣ ከትከሻው ያላነሳንለትን ሸክም እንዲሸከም አዘዝነው ማለት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ማንንም መድኃኒትህን አቁም አንበል። ለፈውስ እንጸልይ፤ ጌታ ዛሬም ይፈውሳል። እየጸለይን ግን ማስታገሻው በሰዓቱ ይሰጥ።

ሁለተኛ፣ እውነቱን ከበሽተኛው አንደብቅ። በባህላችን ውጤቱ ለቤተ ሰብ ይነገርና ባለቤቱ ሳያውቅ ይሞታል። ሰው ከተጣላው ጋር ሊታረቅ፣ ልጆቹን ሊመርቅ፣ በጌታ ፊት ልቡን ሊያፈስ ጊዜ ያስፈልገዋል። በፍቅርና በዝግታ፣ የሚጠይቀውን ያህል እንንገረው።

ሦስተኛ፣ አስታማሚውን እናሳርፍ። የኅብረት ቡድኖቻችን ተራ ገብተው አንድ ሌሊት ቢያድሩለት፣ ልብስ ቢያጥቡለት፣ የመድኃኒት ቢያዋጡለት፣ «ሸክም ሆንኩባችሁ» የሚለው በሽተኛ መልሱን በዓይኑ ያያል።

አራተኛ፣ ዝም ብለን መቀመጥን እንማር። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ሳይናገሩ አብረውት በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ (ኢዮ. 2፡13)፤ የበደሉት መናገር ሲጀምሩ ነው።

ዛሬ ያቺ እህት ብትደውልልኝ እንዲህ እላታለሁ፦ «እህቴ፣ መድኃኒቱን ሐኪሙ ባዘዘው ልክ ስጫት። እናትሽን እያገለገልሻት እንጂ እየገደልሻት አይደለም። የምትሄድበትን ቀን የሚያውቀው ጌታ ነው። እኔም አሁን ተነስቼ እመጣለሁ፤ አብረን እንጸልያለን።»

ጌታ ለሚታመሙት መጽናናትን፣ ለሚያስታምሙት ብርታትን ይስጥ። አሜን።