የሚያነጣው ቅባትና የሚያለሰልሰው ቅባት

ከግዳጅ ቀጣና ወደ ቤቱ የሚመለስ ወታደር ለባለቤቱ አንዳች ነገር ይዞ መግባቱ የቆየ ወጋችን ነው። በጁባ፣ አትላባራን በመሳሰሉ የገበያ ሠፈሮች፣ ለዚህ ጉዳይ ዓይን ፈጥኖ የሚያርፈው በየሱቁ በተደረደሩት የፊት ቅባቶች ላይ ነው። ማሸጊያቸው ያምራል፤ ዋጋቸውም ኪስ አይጎዳም። ይሁን እንጂ ከመካከላቸው ቆዳን ለማንጣት የተሠሩ ስለሚገኙበት፣ የሠራዊታችን አባላት ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው አስቀድሞ የሚከተለውን ልብ ቢሉት መልካም ነው።

ለቆዳችን መልክ የሚሰጠው ሜላኒን የተባለ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ከፀሐይ ጨረር የሚጋርደንም እርሱ ነው። የሚያነጣው ቅባት ይህን ጋሻ ያስጥለናል። ሜርኩሪ ያለበት ዓይነት በቆዳ ገብቶ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፤ ከነፍሰ ጡር እናትም ወደ ፅንስ ይተላለፋል፤ በፎጣና በአንሶላ በኩል ሳይቀቡት ልጆችን ሊያገኝ ይችላል። ሃይድሮኪኖን ለረዥም ጊዜ ሲዘወተር፣ ሊያነጣ የታሰበውን ፊት መልሶ ሰማያዊ ጥቁረት ያለብሰዋል። ክሎቤታሶልን የመሰለው ብርቱ መድኃኒት ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲቀቡት ቆዳን ያሳሳል። የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች ከ1 ሚሊዮን እጅ 1 እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለበት የመዋቢያ ቅባት ከ2020 እ.ኤ.አ. በኋላ እንዳይመረትና እንዳይነገድ ተስማምተው ነበር፤ በ2023 ደግሞ ይህንኑ መጠን ጭምር በማንሳት ክልከላው ከ2025 ጀምሮ ሙሉ እንዲሆን ወስነዋል። ሆኖም ገበያው ስምምነት አያነብም። ንጣትን ውበት አድርጎ የሚሸጠው ንግድም ከቅኝ ገዥዎች አስተሳሰብ የተረፈ ርዝራዥ ነው ብለን እናምናለን።

ታዲያ ምን ይገዛ? የደቡብ ሱዳን ምድር ራሱ መልስ አለው፤ ሉሉ። ሉሉ ከሺአ ዛፍ ፍሬ የሚወጣ ቅቤ ሲሆን፣ ዛፉ በአገራችንም በጋምቤላ ይበቅላል። ሴቶች የወደቀውን ፍሬ ለቅመው፣ አድርቀው፣ ፈልፍለው፣ ቆልተውና ፈጭተው ቅቤውን ይለያሉ። የዓባይ ሸለቆው ዓይነት ከምዕራብ አፍሪካው ይልቅ ለስላሳ ነው፤ ምክንያቱም ኦሌይክ አሲድ በብዛት ስለሚገኝበት ነው። በሐሩር የደረቀ ቆዳን፣ የተሰነጠቀ ተረከዝንና ቦት ጫማ የፋቀውን እግር ያለሰልሳል።

ሽታውን የማይወድ ቢኖር እናቶቻችን ለቅቤ አደስ እንደሚጨምሩ ሁሉ፣ ለሉሉም የጄራኒየም መዓዛማ ዘይት ሊጨመርለት ይቻላል። ይህ በየመስኮቱ የምናየው ባለ ቀይ አበባ ጄራኒየም ሳይሆን፣ የጽጌረዳ ሽታ ያለው ሌላ ዝርያ ነው፤ ዘይቱም ከአበባው ሳይሆን በዋናነት ከቅጠሉ በእንፋሎት ይነጠራል። ተክሉ ከደቡባዊ አፍሪካ የመነጨ ሲሆን፣ በአገራችን የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል ይመራመርበታል። የፊት መጨማደድን ያጠፋል የሚባለው ግን የነጋዴ ቋንቋ ነው፤ በቤተ ሙከራ የታየው አንዳንድ ተሕዋስያንን መግታቱ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። 30 ግራም ያህል ሉሉ በሙቅ ውኃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ይቅለጥ፤ በረድ ብሎ መርጋት ሲጀምር 6 ጠብታ የጄራኒየም ዘይት ጨምሮ ማማሰል ነው። ከዚህ ማብዛት ጥቅም የለውም፤ በውስጡ ያሉት ጄራኒዮልና ሲትሮኔሎል አንዳንድ ሰው ላይ ማሳከክና ሽፍታ ያስነሣሉ። ስለዚህ አስቀድሞ በክንድ ውስጠኛ ገጽ ጥቂት ቀብቶ ሁለት ቀን መጠበቅ ያሻል። ዘይቱ ሳይበረዝ አይቀባም፣ አይጠጣም፣ ወደ ዓይንም አይቀርብም፤ ለሕፃናት ያለ ዘይቱ ሉሉው ብቻ ይበቃል፤ እርጉዞችም ሐኪም ያማክሩ። ሉሉ የፀሐይን ጨረር አያስቀርምና ባርኔጣ አይቅር።

ሉሉ በጁባ ሙቀት ቢቀልጥ ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ጥላ ሲያገኝ ተመልሶ ይረጋል። ለጉዞ ሲታሸግ ግን ክዳኑ የሚጠብቅ ዕቃ ይመረጥ፤ አለዚያ ስጦታው ቤት ሳይደርስ የደንብ ልብሱን ይቀባዋል።